የአሥራ ሁለተኛው ሰው ተራ

ፕሮግራም መጻፍ የተማርኩበት የመጀመሪያው ቋንቋ ክፉ ነበር። አንዲት ምልክት ከረሳሁ አልሠራም ብሎ ይገግማል። የሰዎች ዝርዝር ላዘጋጅ ስል «ስንት ሰው ነው?» ብሎ አስቀድሞ ይጠይቀኛል። አሥር ነው ብዬ አሥራ አንደኛ ሰው ላስገባ ብሞክር ሥራውን በሙሉ አቁሞ ስህተቴን በቀይ ይዘረግፍብኛል። ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ በዚህ ቋንቋ ምክንያት ያለቀስኩባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ታዲያ ሳልወድ በግድ አንድ ነገር አስለመደኝ፤ መቁጠር። ኮምፒውተሩን ከመንካቴ በፊት ወረቀት ላይ እቆጥራለሁ፣ ከጻፍኩ በኋላ ደግሜ እቆጥራለሁ። ጓደኞቼ ጣቶቼ ሲንቀሳቀሱ እያዩ «ደግሞ መቁጠሪያዋን ያዘች» ብለው ይስቁብኝ ነበር።

ተመርቄ ዳንግላ ሥራ ስይዝ መሥሪያ ቤቱ የሚጠቀመው ሌላ ቋንቋ ሆኖ አገኘሁት። ይሄኛው ደግ ነው። ብዛት አይጠይቅ፣ ዓይነት አይጠይቅ። በአሮጌው ቋንቋ አሥር መስመር የሚፈጅብኝ ነገር በዚህ በአንድ መስመር ያልቃል። የዝርዝሩን የመጨረሻ ሰው ከፈለግሁ «ከኋላ አንደኛውን» ማለት ይበቃኛል፤ ስንት ሰው እንዳለ ማወቅ ድሮ ቀረ። ተሳስቼ ከዜሮ በታች የሆነ ቁጥር ብሰጠው እንኳ «እንዲህ ያለ ሰው የለም» አይለኝም፤ ከኋላ ቆጥሮ የሆነ ሰው ያመጣልኛል። እንግዳው ምን እንደጠየቀ በደንብ ሳይሰማ ያለውን እንደሚያቀርብ ባለቤት ማለት ነው። በመጀመሪያው ሳምንት «እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አልኩት። እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ቢሮ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት።

ከሁሉ የወደድኩለት ሁለት ዝርዝሮችን የሚያጋጥምበትን ዘዴ ነበር። ዚፕ ይባላል፣ የጃኬት ዚፕ እንደምንለው። በግራ ሰዎች፣ በቀኝ ቀናት ከሰጡት አንደኛውን ሰው ካንደኛው ቀን፣ ሁለተኛውን ሰው ከሁለተኛው ቀን እያቆላለፈ ይወርዳል። አንዱ ወገን ቀድሞ ካለቀ እዚያው ላይ ያቆማል። በሌላው ወገን የተረፈው አንድም ይሁን መቶ፣ ትንፍሽ አይልም። የጃኬት ዚፕ እንኳ ጥርሱ ካልገጠመ ይነክሳል! ብዛታቸው ካልተካከለ እንዲጮህ ማዘዝ ይቻላል፤ አንዲት ቃል መጨመር ብቻ ነው። ይህን አላውቅም እንዳልል መመሪያው ላይ አንብቤዋለሁ። አንዲቷን ቃል መጻፍ ግን የተንዛዛ ሥራ መሰለኝ።

እንዲህ ሆኜ ሁለት ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ቀን ወደ አሮጌው ቋንቋ የሚመልሰኝ ሥራ መጣና ገና ስጀምር «ስንት ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ በገንኩ። «ራስህ አትቆጥርም? ምን ሠርተህ ልትበላ ነው?» ብዬ ሰደብኩት። ያኔ ነገሩ ሊገባኝ ይገባ ነበር። ያ ቋንቋ እንደ ድሮው ነው፣ የተለወጥኩት እኔ ነኝ። ሰው ምቾት ሲያገኝ የሚረሳው ችግሩን ብቻ ይመስለዋል፤ ችግሩ ያስተማረውንም አብሮ ይረሳል። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይላሉ። የእኔ ልማድ ከማን ማዕድ እንዳሰረቀኝ ያወቅሁት ግን ቆይቶ ነው።

ያደግሁት ከእንጅባራ ወጣ ብሎ በዘንገና በኩል ባለች መንደር ነው። አባቴን በሕፃንነቴ ስላጣሁ ያሳደጉኝ ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ «አባባ» ነው የምላቸው። ሚስታቸውን «እማማ» እላለሁ። እርስ በርሳቸው የሚያወሩት በአውንጊ ነው። እኔንም ሲቆጡኝ በአውንጊ፣ ሲመክሩኝ በአማርኛ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ጠይቄያቸው አላውቅም።

አባባ የመንደራችን የውሃ አባት ናቸው። በበጋ ከወንዙ የሚጠለፈውን አንዱን ቦይ አሥራ ሁለት አባወራ ይካፈለዋል፣ በቀን አንድ ሰው። ተራውን የሚጠብቀው፣ የተጣላውን የሚያስታርቀው፣ ውሃው የት ጋ ሰብሮ እንደፈሰሰ ለማየት በየጠዋቱ ቦዩን ከራሱ እስከ ጅራቱ በእግሩ የሚዞረው የውሃ አባቱ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያገኘው አንዳች ነገር የለም። እንዲያውም በወጉ መሠረት የእሱ ተራ የመጨረሻው ነው። ሌላው ሳያጠጣ እሱ ቢያጠጣ ነውር ነው። ስለ ራሱ ተራ አፍ አውጥቶ መጠየቅማ ከነውርም በላይ ነው፤ ዳኛው ለራሱ ከፈረደ ማን ያምነዋል?

ድሮ ይህ ሁሉ በአባባ ጭንቅላት ውስጥ ነበር። በዓል ሲውል ተራው በአንድ ቀን ይገፋል፣ ሰው ሲታመም ይቀያየራል፣ እሳቸው ማታ በየደጁ እያለፉ «ነገ ያንተ ነው» ይላሉ፤ አለቀ። ጥር ሲገባ ልጠይቃቸው ሄጄ ሳለ የመስኖ ኮሚቴው ሰብሳቢ ቤት ድረስ መጣና «አንቺ ይሄን በኮምፒውተር አትሠሪውም?» አለኝ። «ሰዉ ተራው መቼ እንደሆነ አስቀድሞ ቢያውቅ ጭቅጭቁ ይቀር ነበር።» አባባን አየኋቸው።

«ሥሪው፣ ልጄ» አሉ። «እኔም ሸምግያለሁ። ይረሳኝ ጀምሯል።»

ወይ ኩራት! ያን ሁሉ ዓመት የተማርኩት ነገር ለመንደሬ ሲተርፍ የመጀመሪያው ነበር። ሒሳቡም እንዴት ብሎ እንደገጠመልኝ! ከሁለት ሳምንት ውስጥ እሑዶቹ ሲወጡ አሥራ ሁለት ቀን ይቀራል። ሰዎቹም አሥራ ሁለት ናቸው። በወጉ መሠረት አባባን መጨረሻ ላይ አደረግሁና ሁለቱን ዝርዝሮች በዚፕ አቆላለፍኳቸው። ፕሮግራሙ በየሁለት ሳምንቱ ዝርዝሩን ያወጣል፣ እኔ ከዳንግላ ለሰብሳቢው በስልክ እልክለታለሁ፣ እሱ እንጅባራ ወርዶ አሳትሞ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ ይለጥፈዋል። ሰው እየመጣ በጣቱ እየተከተለ ያነባል። «የአባባ ልጅ የሠራችው ነው» ይባላል አሉ።

የመጀመሪያው ዝርዝር ሊያልቅ ሲል ሰብሳቢው ደወለ። አንዱ ሰው ተራው ሃያ ሰባት ላይ ወድቆበት ተቆጥቷል። ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም ነው፣ አሥራ ሁለት ደግሞ ሚካኤል፤ ሁለቱም የደብራችን ታቦታት ናቸው። በእነዚያ ቀናት ቦይ መክፈት ቀርቶ ዶማ የሚያነሣ የለም። «እነዚህን ሁለቱን አውጪልን» አለኝ። እዚያው ተወልጄ አድጌ ይህን መርሳቴ አሳፈረኝና ሻዬ ሳይበርድ አንድ መስመር ጨመርኩ። በዓላቱ ከቀኖቹ ዝርዝር ወጡ። አዲሱ ወረቀት ያምራል፣ ቀኑና ስሙ ቀጥ ብሎ ተደርድሯል። ላክሁት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ይህን ተረት ለሌላ ሰው ስተርት ነው የማውቀው።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዝርዝር ላክሁ። ስድስት ሳምንት መሆኑ ነው። በዐቢይ ጾም አንድ ቅዳሜ ቀጣዩን ዝርዝር ራሴ አሳትሜ በቦርሳዬ ያዝኩና ከዳንግላ በሚኒባስ እንጅባራ፣ ከእንጅባራ በባጃጅ መንደር ገባሁ። የአባባ ማሳ የቦዩ ጅራት ላይ ነው፤ ከመንገዱ ቁልቁል ይታያል። የሌላው ሰው ድንች ለምልሟል። የእሳቸው ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ጠውልጎ መሬት ተኝቷል። አፈሩ ተሰነጣጥቋል። የዘር ድንቻቸውን በሙሉ እዚያ ላይ ነበር የተከሉት። ያ ከጠፋ ለክረምት የሚተክሉት የላቸውም፣ በዚያ ዕድሜያቸው ዘር ለመለመን ሰው ደጅ መቆም ነው የሚቀራቸው።

አባባ ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። ሰላምታውን እንደጨረስን አላስቻለኝም።

«አባባ፣ ድንቹ ምን ሆኖ ነው?»

«ውሃው ዘንድሮ ቀጠነ» አሉ፣ ፊቴን ሳያዩ።

«የላይኞቹ እኮ ጠግበዋል!»

«እንግዲህ፣ እግዜር እንዳለ ነው።»

እማማ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ ብቅ አሉ። «እግዜር ምን አደረገ?» አሉ። «ወረቀታችሁ አውጥቷቸው ነው እንጂ! ሦስት ጊዜ ተለጠፈ፣ ሦስቴም የእሳቸው ስም የለበትም። የሌላው ትርፍ ውሃ በአፍንጫቸው ሥር እያለፈ ዝም ብለው ያያሉ!» አባባ በአውንጊ ተቆጧቸው። እማማም በአውንጊ መለሱላቸው፣ ረዘም አድርገው።

«እንዴት የለበትም?» አልኩ።

«ተይው፣ ልጄ» አሉ አባባ። «ይረሳኛል ያልኩት እኔው ነኝ። ኮሚቴው ቢያሰናብተኝ ሐቁ ነው። በወረቀት ከማየው ግን በአፋቸው ቢነግሩኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

ቦርሳዬን ከፍቼ አዲሱን ዝርዝር አወጣሁና በጣቴ ቆጠርኩ። አሥራ አንድ። ደግሜ ቆጠርኩ፣ አሥራ አንድ። ስንት ዓመት ሆኖኝ ነበር በጣቴ ከቆጠርኩ! ላፕቶፑን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩት፤ ነገሩን ለማግኘት ግን ብዙ መፈለግ አላስፈለገኝም። በየሁለት ሳምንቱ አንዱ በዓል ይወድቃል፤ ሚካኤል ካልሆነ መድኃኔዓለም። አንድ ቀን ሲወጣ ቀኖቹ አሥራ አንድ ይሆናሉ። ሰዎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። ዚፑ አሥራ አንዱን አቆላልፎ፣ ቀን ሲያልቅበት፣ ዝም ብሎ አቁሟል። አሥራ ሁለተኛው ሰው ያለ ቀን ቀርቷል። አሥራ ሁለተኛው ደግሞ ሁልጊዜ የውሃ አባቱ ነው። አባባ በጭንቅላታቸው ሲሠሩት በዓል ተራን ይገፋ ነበር እንጂ ሰውን አያስወጣም ነበር።

«አባባ፣ ማንም አላሰናበትዎትም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው።» እንባዬ መጣ። እንደምንም ብዬ ነገሩን አስረዳኋቸው፤ አሥራ አንድ ጠጠርና አሥራ ሁለት ጠጠር መሬት ላይ ደርድሬ። ከወረቀቱ ይልቅ ጠጠሩ ቶሎ ገባቸው። አንዷን የተረፈች ጠጠር አንሥተው መዳፋቸው ላይ አገላበጧት።

«ማሽኑ ሰው ሲጎድልበት አይናገርም?»

«ካላዘዙት አይናገርም። ሰውን እንዳያሰለች ተብሎ ነው እንዲህ የተሠራው።»

«እህ» አሉ። ጠጠሯን መሬት አስቀመጡና «እኔም ከሱ አልተሻልኩም» አሉ። «ወረቀቱ ከመጣ ወዲህ ቦዩን መዞር ትቻለሁ። ምን ያደርግልኛል፣ ተጽፏል ብዬ። ሌላ ሰው ተዘሎ ቢሆን ኖሮ መች አውቅለት ነበር?»

እኔን ለማጽናናት ያሉት መሰለኝ፤ አላጽናናኝም። ይልቅ አንድ ነገር ገባኝ። ያ ደግ ቋንቋ የእኔን ጣቶች ሥራ ሲያስፈታ እኔ የእሳቸውን እግር ሥራ አስፈትቻለሁ። በዳንግላ አንዲት ቢሮ ውስጥ የተወለደ ስንፍና ኪሎ ሜትሮች ተጉዞ የሽማግሌውን የጠዋት መንገድ ዘግቶታል። ደግሞ እኮ ስንፍና መሆኑን አላውቅም፤ ሥልጣኔ ነበር የምለው።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰዎቹ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እንዲሰበሰቡልኝ ሰብሳቢውን ለመንኩት። አባባ አልመጣም ብለው ነበር፤ እማማ እየገፉ አመጧቸው። አሥራ አንዱ ሲሟሉ ቆምኩና ነገሩን ከሥሩ ተናገርኩ። ኮሚቴው ምንም እንዳላደረገ፣ አባባም ተራቸውን እንዳልተዉ፣ ጥፋቱ በሙሉ የእኔ እንደሆነ ነገርኳቸው። ጉድ ነው ይላሉ፣ ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አልደነገጠም። እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«እኛማ ስማቸው እንደሌለ አይተናል» አለ ሰብሳቢው።

«አይታችኋል?»

«እንዴት አናይም? አንቺ ግን ልጃቸው ነሽ። ‹ደክሞኛል፣ ተዉኝ› ብለውሽ ያወጣሻቸው መሰለን። ሽማግሌ ሰውን ምን ብለን እንጠይቅ? ‹ደከሙ ወይ?› ይባላል?»

«እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ» አለ ሌላው። «እኔም» አለ ከኋላ ያለው። አንድ በአንድ፣ ሁሉም። አሥራ አንድ ሰው፣ አሥራ አንድ ጥንድ ዓይን! የደረቀ ማሳ በየቀኑ እያዩ! ልጮህባቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት፤ በየትኛው አፌ? እያንዳንዱ ወፍጮ ቤቱ በር ላይ መጥቶ የራሱን ስም እስኪያገኝ አንብቧል፣ ሲያገኝ ወደ ቤቱ ሄዷል። የጎደለውን መጠየቅ ጨዋነት የጎደለው ነገር መስሎታል። ዝምታ ወርቅ ነው እያልን ነው ያደግነው። ይህን የመሰለ ዝምታ እኔም ሦስት ዓመት ሙሉ ሳሞግስ ኖሬያለሁ።

አባባ መሬት መሬት እያዩ ነበር። በመጨረሻ አንዲት ሴት፣ በአዲሱ ዝርዝር የመጀመሪያዋ፣ ተነሣች። «ነገ የእኔ ቀን ነው» አለች። «አባባ ይውሰዱት።»

«አይሆንም። ተራ ተራ ነው» አሉ።

«በሞቴ!»

«ኧረ ተይ…»

«በሞቴ አልኩ፣ አባባ! እኔን ይቅበሩኝ!»

እንዲህ ከተባለ ወዲያ እንቢ አይባልም። ሰብሳቢውም ከነገ በኋላ ያለው ተራ በሙሉ በአንድ ቀን እንዲገፋ ወሰነ። ልክ እንደ ድሮው።

እሑድ ከሰዓት ያቺን አንዲት ቃል ጨመርኩ። ፕሮግራሙ ወዲያው ሥራውን አቁሞ ቀኖቹ ከሰዎቹ ያንሳሉ ብሎ በቀይ ጮኸብኝ። ቃሏን ለመጻፍ አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀብኝም። ይህን አሁንም ሳስበው ያመኛል።

ሰኞ ማለዳ ከአባባ ጋር ወደ ማሳው ወረድን። ብርዱ ያንቀጠቅጣል። እሳቸው በዶማ የቦዩን አፍ ከፈቱት፤ ውሃው እየተንቀረፈፈ ገባ፣ በየስንጥቁ ውስጥ እየጠፋ። ኋላ እማማ እንደነገሩኝ ከላይ በኩል ያለው አራት መደብ ብቻ ነፍስ ዘርቷል፤ የቀረው ደርቆ ቀርቷል። ያን ዕለት ጠዋት ግን ሁለታችንም ይህን አናውቅም ነበር፣ ሁሉም የሚድን መስሎን ነበር።

አባባ ዶማውን ተደግፈው ቆሙ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አሉ። «ሰዎቹስ እኔ የተውኩት መስሏቸው ነው። አንቺ ግን ወረቀቱን ከመላክሽ በፊት አላየሽውም ነበር?»

አላየሁትም ማለት እችል ነበር። በኮምፒውተር የሚወጣ ነገር ሰው አያየውም ብላቸው ያምኑኝ ነበር። ግን አይቼዋለሁ፣ ሦስቱንም ጊዜ። ፊደሉ መጉላቱን፣ መስመሩ መስተካከሉን፣ ማማሩን አይቻለሁ። ያሳደጉኝ ሰው ስም እንደሌለበት አላየሁም።

«አይቼዋለሁ፣ አባባ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ውሃው ወደ ሁለተኛው መደብ እስኪደርስ በዓይናቸው ተከተሉት።

«ኮሚቴው ያልኩሽ ውሸቴን ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ኮሚቴው ቢሆንማ ሄጄ እጠይቃቸው ነበር፤ መች እፈራቸዋለሁ? አንቺ የጻፍሽው ስለሆነ ነው ዝም ያልኩት። ልጄ ካወጣችኝ አውቃ ነው ብዬ።»

ይህን ብለው ዶማቸውን አነሡና ውሃውን ለመምራት ወደ ታች ወረዱ።